የትሙይስ ከተማና ጳጳሳቷ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዓባይ ከሀገራችን ወጥቶ፥ ሱዳንን አቋርጦ፥ የግብፅን ምድር ከደቡብ እስከ ሰሜን ካጠጣ በኋላ ወደ ታላቁ ባሕር ሊገባ ሲቃረብ እንደ እጅ ጣት ይከፋፈላል። ዛሬ የቀሩት ቅርንጫፎች ሁለት ናቸው፤ በጥንት ዘመን ግን ሰባት እንደ ነበሩ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ከነዚያ ከሰባቱ አንዱ የሜንዴስ ቅርንጫፍ ይባል ነበር። ውኃው ከደረቀ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ በዳሩ የነበረችውም ከተማ ከጠፋች እንዲሁ። ዛሬ የምንናገረው ስለዚህች ከተማና በእርሷ ስለ ተሾሙ ኤጲስ ቆጶሳት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በዚያ ቅርንጫፍ ዳር ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ከተሞች ነበሩ። የቀደመችው ሜንዴስ ስትሆን ሰዎቿ ለአውራ በግ ይሰግዱ ነበር። በጉ በሕይወት ሳለ እንደ አምላክ ይከበራል፤ ሲሞትም ሬሳው ተገንዞ ከድንጋይ በተጠረበ ሣጥን ይቀበራል። እነዚያ የድንጋይ ሣጥኖች እስከ ዛሬ በፍርስራሹ መካከል ይታያሉ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ንጉሡ አማሲስ ያሠራው፥ ከቀይ ጥቁር ድንጋይ የተጠረበ፥ ቁመቱ ወደ 8 ሜትር የሚጠጋ የጣዖት ማደሪያም እዚያው ቆሞ ይገኛል። ሁለተኛይቱ ከተማ ትሙይስ ናት። ወንዙ አካሄዱን እየለወጠ የሜንዴስን ወደብ ደለል ሲሞላው፥ ንግዱም ሹማምንቱም ሕዝቡም ቀስ በቀስ ወደ ትሙይስ ተሻገሩ፤ በሮማውያንም ዘመን የአውራጃው ዋና ከተማ እርሷ ሆነች።

ትሙይስ የተናቀች መንደር አልነበረችም። በሮማውያን ገበያ የታወቀው የሜንዴስ ሽቱ፥ ከዘይትና ከከርቤ የሚቀመመው፥ ስሙን ያገኘው ከዚህ አውራጃ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የታሪክ ጸሐፊ አምያኖስ የግብፅን ታላላቅ ከተሞች ሲቈጥር ትሙይስን ከነሜምፎስ ጋራ ደምሮ ጠርቷታል። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ የጻፈው ነው። በ70 ዓ.ም. ጥጦስ ኢየሩሳሌምን ለመክበብ ከእስክንድርያ ሲነሣ ጭፍሮቹን በመርከብ አሳፍሮ በዓባይ እስከ ትሙይስ መጣ፤ በዚያም ከመርከብ ወርዶ በጣኔዎስ በኩል በእግሩ ተጓዘ። እንግዲህ ጌታችን ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንዳይቀር የተናገረለትን መቅደስ ያፈረሱት ወታደሮች፥ ወደ ምድር የወረዱባት ወደብ ይህች ከተማ ነበረች ማለት ነው።

በ1892 ገደማ ናቪል የተባለ የስዊስ ተወላጅ ሊቅ በስፍራው ሲቈፍር የከተማዋን መዝገብ ቤት አገኘ። በእሳት ከስሎ እንደ ፍም ጠቍሮ ነበር፤ ነገር ግን ከደንገል የተሠራው ወረቀት ከመክሰሉ የተነሣ በእርጥቡ መሬት ሳይበሰብስ ቆየ። በታችኛው ግብፅ ጽሕፈት ሁሉ በርጥበት ይጠፋልና ይህ መዝገብ የተረፈው በመቃጠሉ ነው። በውስጡም በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተጻፈ የግብር ሒሳብ ይገኛል፤ ሒሳቡም በቸነፈር፥ በሽፍቶችና በወታደሮች ሰይፍ፥ ከግብርም ብዛት የተነሣ ሰዎቻቸው ያለቁባቸውን ወይም የተሰደዱባቸውን መንደሮች ይቈጥራል። ወንጌል ወደ ትሙይስ በገባ ጊዜ ያገኘው ሕዝብ እንዲህ ያለ ነበረ፤ በከተማው ውስጥ ባለጠጎች፥ በዙሪያው ግን ባዶ የቀሩ መንደሮች።

ከባለጠጎቹ አንዱ ፊልያስ ነበር።

ፊልያስ በትሙይስ ከከበረ ቤተ ሰብ የተወለደ፥ በከተማው ሹመት ያገለገለ፥ የግሪኮችን ፍልስፍና ጠንቅቆ የተማረ ሰው መሆኑን አውሳብዮስ ዘቂሳርያ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ይመሰክርለታል። ሚስትና ልጆች ነበሩት፤ በዚያን ዘመን ባለ ትዳር የሆነ ሰው ለኤጲስ ቆጶስነት ይመረጥ እንደ ነበር አንባቢ ያስታውስ። በ303 ዓ.ም. ንጉሡ ዲዮቅልጥያኖስ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፥ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ፥ ቀጥሎም ካህናት ለጣዖት እንዲሠዉ ባዘዘ ጊዜ ፊልያስ በመንበሩ ላይ ነበር። የዚህ ንጉሥ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከነገሠበት ከ284 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቈጠረው ዓመተ ሰማዕታት በባሕረ ሐሳባችን የታወቀ ነውና።

ፊልያስ ተይዞ ወደ እስክንድርያ ተወሰደ። በወኅኒ ቤት ሳለም ለትሙይስ ሕዝብ መልእክት ጻፈ፤ አውሳብዮስም ከዚህ መልእክት ብዙውን ክፍል ገልብጦ አቆይቶልናል። መልእክቱ ስለ ራሱ መከራ አይናገርም። በዐይኑ ስላያቸው ስለ ሌሎች ይናገራል፤ እጃቸውን ወደ ኋላ ታስረው በመሣሪያ ስለ ተወጠሩት፥ በአንድ እጃቸው ከደጀ ሰላሙ ጣራ ስለ ተሰቀሉት፥ እግራቸው በግንድ ላይ እስከ አራተኛው ቀዳዳ ድረስ ስለ ተዘረጋው። አንዳንዶቹ በሥቃዩ ሞቱ፤ አንዳንዶቹም ቁስላቸው ከዳነ በኋላ እንደ ገና ወደ አደባባይ ቀርበው ሠውተው ነፃ ከመውጣትና ከመሞት አንዱን እንዲመርጡ ሲጠየቁ ሳያመነቱ ሞትን መረጡ። እረኛ ከታሰረበት ለመንጋው የሚልከው ቃል ይህ ነበረ፤ ነገ በእናንተ የሚደርሰው ይህ ነው፥ ወንድሞቻችሁም እንዲህ ቻሉት፥ ለማለት።

በዚያው ወኅኒ ቤት ሳለ ሌላም ደብዳቤ ተጽፏል። እርሱና አብረውት የታሰሩ ሦስት ኤጲስ ቆጶሳት፥ ሄሲኪዮስ፥ ጳኵሚስና ቴዎድሮስ፥ የሊቆጶሊሱን ኤጲስ ቆጶስ ሜሌጥዮስን ገሠጹት። ሜሌጥዮስ እነርሱ መታሰራቸውን ምክንያት አድርጎ በእነርሱ ሀገረ ስብከት ገብቶ ካህናት ይሾም ነበርና። የሞት ፍርድ እየጠበቁ ስለ ሥርዓተ ክህነት የሚጽፉ ሰዎች ለአንዳንዱ አንባቢ ግትር ይመስሉት ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አናየውም፤ አባት የታሰረበትን ቤት ጎረቤት ገብቶ ልጆቹን ሲድርበት ዝም የሚል ማን ነው?

የፊልያስ ፍርድ የተሰማው በእስክንድርያ በገዥው በኩልቅያኖስ ፊት ነው፤ ዘመኑም 306 ዓ.ም. ገደማ ይሆናል። ክርክራቸው በጽሕፈት ተይዞ እስከ ዛሬ ደርሷል። ኩልቅያኖስ እንደ ሌሎቹ ዳኞች የሚጮህና የሚራገም ሰው ሆኖ አናገኘውም። ይጠይቃል፥ ያደምጣል፥ እንደ ገና ይጠይቃል። እግዚአብሔር ምን ዓይነት መሥዋዕት እንደሚወድ፥ ሥጋ ይነሣ እንደ ሆነ፥ ክርስቶስ አምላክ ከሆነ ስለ ምን እንደ ተሰቀለ፥ ጳውሎስ ከፕላቶን ይበልጥ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ፊልያስም የፕላቶንን መጻሕፍት የሚያውቅ ሰው ሆኖ ሳለ፥ ጳውሎስ ከፈላስፎች ሁሉ ይበልጣል ብሎ መለሰ። በመጨረሻ ገዥው እውነተኛውን ነገር አወጣው። አንተ በችግር ምክንያት ራሱን ለሞት ከሚሰጥ ባላገር ወገን ብትሆን ኖሮ ባልራራሁልህ ነበር፤ ነገር ግን ለራስህ ብቻ ሳይሆን ለሀገር የሚበቃ ሀብት አለህና ስለዚህ ለራስህ እዘንና ሠዋ፥ የሚል ነበር አሳቡ።

ይህን ቃል ልብ እንበለው። በትሙይስ ዙሪያ በነበሩት ባዶ መንደሮች የሞቱት ባላገሮች በገዥው ዐይን እንደ ሰው አልተቈጠሩም ነበር፤ ባለጠጋው ግን ዋጋ ስላለው እንዲተርፍ ተለመነ። ፊልያስም ያን ልዩነት አልተቀበለውም። ጠበቆቹ፥ የከተማው ሹማምንትና ዘመዶቹ እግሩን ይዘው ለሚስቱና ለልጆቹ እንዲያዝን ቢማጠኑት አልተመለሰም። ፊሎሮሞስ የሚባል በእስክንድርያ ታላቅ የንጉሥ ሹመት ያለው ሰው ይህን አይቶ፥ ይህን ሰው ስለ ምን ትፈትኑታላችሁ ብሎ ተቃወመ፤ ሁለቱም በሰይፍ ተመትተው በአንድነት አክሊለ ሰማዕትን ተቀበሉ። ኩልቅያኖስ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሥታት በተለዋወጡ ጊዜ ተገደለ።

ከፊልያስ በኋላ ከአንድ ትውልድ የበለጠ ጊዜ አልፎ በትሙይስ መንበር ላይ ሰራብዮን ተቀመጠ። ሰራብዮን የሚባሉ ቅዱሳን ብዙ ናቸውና ከሌሎቹ ጋራ እንዳናዛምደው ያስፈልጋል። የእኛ ሰራብዮን አስቀድሞ የብዙ መነኮሳት አበ ምኔት፥ የአባ እንጦንስ ወዳጅ፥ የቅዱስ አትናቴዎስ የልብ ባልንጀራ የነበረው ነው፤ ስለ ዕውቀቱም ብዛት ሊቁ የሚል ቅጽል ተሰጥቶታል። ድራቆንዮስ የሚባል አበ ምኔት ለጵጵስና ተመርጦ ወደ በረሃ በሸሸ ጊዜ ቅዱስ አትናቴዎስ የሰራብዮንን አብነት ጠቅሶ ጽፎለታል፤ መነኩሴ ኤጲስ ቆጶስ ቢሆን ከምንኵስናው አይጎድልም ለማለት።

አባ እንጦንስ በ356 ዓ.ም. ሊያርፍ ሲል የነበረውን ሁሉ በኑዛዜ አከፋፈለ። የነበረውም ሁለት ደበሎ፥ አንድ መጎናጸፊያና አንድ የጠጕር ልብስ ነው። አንዱን ደበሎ ከመጎናጸፊያው ጋራ ለአትናቴዎስ፥ ሁለተኛውን ደበሎ ለሰራብዮን እንዲሰጡ አዘዘ፤ የጠጕር ልብሱም ለደቀ መዛሙርቱ ቀረ። አባቶቻቸው ለአውራ በግ ይሰግዱ በነበሩበት አውራጃ የተሾመ ጳጳስ የወረሰው ቅርስ የበግ ለምድ ሆነ። የደበሎን ነገር የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ሰራብዮን ለአትናቴዎስ ታማኝ ረዳት ነበር። አትናቴዎስ በ340 ዓ.ም. ገደማ በስደት በሮም ሳለ፥ የአርባው ቀን ጾም በግብፅ ገና ሥር አልሰደደም ነበርና፥ ዓለም ሁሉ እየጾመ ግብፃውያን ብቻ የማይጾሙ ሆነው መሳለቂያ እንዳይሆኑ ለወንድሞች ሁሉ እንዲያስታውቅ ለሰራብዮን ጻፈለት። በሞቱት ኤጲስ ቆጶሳት ፋንታ የተሾሙትንም ስም በዚያው ደብዳቤ ላከለት። እንግዲህ ዐቢይ ጾም በግብፅ የጸናበትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህችን የጠፋች ከተማ ሳይጠራ ሊያልፍ አይችልም። በ353 ዓ.ም. ደግሞ አርዮሳውያን አትናቴዎስን በንጉሡ በቍስጠንጢዮስ ዘንድ በከሰሱት ጊዜ ሰራብዮን ሌሎች ኤጲስ ቆጶሳትንና ካህናትን አስከትሎ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሚላኖ ሄደ። ንጉሡ አልሰማቸውም።

በየካቲት ወር 356 ዓ.ም. ወታደሮች በሌሊት በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ጸሎት ላይ የነበረውን ሕዝብ በሰይፍና በቀስት በመቱት ጊዜ አትናቴዎስ ከመካከላቸው ተነጥቆ ወደ በረሃ ሸሸ፤ ስድስት ዓመትም ከመነኮሳት ዋሻ ወደ ዋሻ እየተዘዋወረ ተሸሸገ። በዚሁ ጊዜ ገደማ ነው ቍስጠንጢዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው፤ አትናቴዎስ የሾመውን አባ ሰላማን፥ ፍሬምናጦስን፥ እንዲመረመር ወደ ግብፅ ስደዱልኝ ብሎ። የሀገራችን የመጀመሪያው ጳጳስና የትሙይሱ ጳጳስ በአንድ አባት እጅ ሥር፥ በአንድ ንጉሥ ዛቻ ውስጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

አትናቴዎስ በተሸሸገበት በረሃ ከሰራብዮን ደብዳቤ ደረሰው። ጉዳዩም አዲስ ነበር። ከአርዮሳውያን ተለይተው ወልድ ፍጡር አይደለም የሚሉ ሰዎች ተነሥተው፥ መንፈስ ቅዱስ ግን ፍጡር ነው፥ ከመላእክትም የሚለየው በማዕርግ ብቻ ነው አሉ። ለዚህም ከነቢዩ ከአሞጽ አንድ ቃል፥ ከጳውሎስም ወደ ጢሞቴዎስ ከጻፈው መልእክት አንድ ቃል ይጠቅሱ ነበር። አሞጽ እግዚአብሔርን ነፋስን የሚፈጥር ብሎ ይጠራዋል፤ በግሪክኛ ግን ነፋስንና መንፈስን የሚጠራው ቃል አንድ ነው። በግእዝም ነፋስና መንፈስ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸውና ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ለእኛ ማስረዳት አያስቸግርም። አትናቴዎስም እንዲህ ብሎ መለሰ፤ መጽሐፍ ስለ መንፈስ ቅዱስ ሲናገር የእግዚአብሔር ወይም የአብ ወይም የክርስቶስ ብሎ ወይም ቅዱስ ብሎ ለይቶ ይጠራዋል እንጂ እንዲያው አይተወውም፤ ነቢዩ የተናገረው ግን ስለሚነፍሰው ነፋስ ነው።

ከዚያም ወደ ጥምቀት መጣ። የተጠመቅነው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ፍጡር ከሆነ ጥምቀታችን ከፈጣሪና ከፍጡር ጋራ የተደረገ ነው፥ ሥላሴም አንድ መሆኑ ይቀራል። ደግሞም መንፈስ ቅዱስ ሰውን የሚቀድስ ከሆነ እርሱ ራሱ ከሌላ ቅድስና የሚቀበል ሊሆን አይችልም። በእርሱ የእግዚአብሔር ተካፋዮች እንሆናለንና፥ ፍጡር ቢሆን ኖሮ ከፍጡር ጋራ በመገናኘት ከእግዚአብሔር ጋራ ልንገናኝ ባልቻልን ነበር። ነገሩ የቃላት ክርክር እንዳይመስላችሁ፤ በትሙይስ ወንዝ ዳር ልጁን ወደ ጥምቀት ያመጣ አንድ ባላገር፥ ልጄ የተጠመቀው በማን ነው ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በዚህ ላይ የቆመ ነበር።

ሰራብዮን መልእክቱን ተቀብሎ አንብቦ ምን እንዳለ ማወቅ ደስ ያሰኛል። ረዝሟልና አሳጥርልኝ አለ። ለሚጠይቁት በቶሎ መልስ ሊሰጥበት፥ ለምእመናንም ሊያስተምርበት ፈልጎ ነበር። አትናቴዎስም ስደተኛ ሆኖ ሳለ ተቀምጦ አሳጥሮ ጻፈለት። ስብከት የሚረዝምበት ሰባኪ ሁሉ ይህን ሊያስታውሰው ይገባል፤ እኛም ጭምር። እነዚህ መልእክታት ከተጻፉ ከሃያ ዓመት በኋላ፥ በ381 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 ሊቃውንት መንፈስ ቅዱስ ጌታ ማሕየዊ መሆኑን፥ ከአብና ከወልድ ጋራ የሚሰገድለትና የሚመሰገን መሆኑን በጸሎተ ሃይማኖት አጸኑ። ዛሬም በየቅዳሴው የምንደግመው ይኸው ነው።

ሰራብዮን በቍስጠንጢዮስ ዘመን ስለ ሃይማኖቱ መከራ እንደ ተቀበለ ሄሮኒሞስ ጽፏል፤ በ359 ዓ.ም. በሴሌውቅያ ጉባኤ ስለ ትሙይስ የተቀመጠው ጰጦሌሜዎስ የሚባል ሌላ ሰው ነበርና ከመንበሩ ተነቅሎ እንደ ነበር ይታሰባል። በስሙ የሚጠራ የጸሎት መጽሐፍ ግን ቀርቷል። በደብረ አቶስ ገዳም በ11ኛው መቶ ዓመት በተጻፈ ብራና ውስጥ ተገኝቶ መጀመሪያ በ1894 በኪየቭ ታተመ፤ 30 ጸሎቶች አሉት። የቍርባን ጸሎት፥ የጥምቀት ውኃ፥ የዘይት፥ የሹመተ ክህነት፥ የሕሙማንና የሙታን ጸሎት አለበት። ስለ ምድር ፍሬና ስለ ዝናም የሚለመንበትም አለ። ሊቃውንት ሁሉም የእርሱ ናቸው ወይስ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሰብስቧቸው እያሉ ይከራከራሉ።

ከዚህ በኋላ የትሙይስ ስም የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው። በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን ጉባኤ ኤጲስ ቆጶሷ አርስጦቡሎስ ከቅዱስ ቄርሎስ ጋራ ነበር። ዓረቦች ግብፅን በ7ኛው መቶ ዓመት ከያዙ በኋላም የመንበሩ ስም ለጊዜው ይጠራ ነበር፤ ከተማዋ ግን ወንዙ ሲርቃት እየመነመነች ሄደች። በአንድ ቀን አልፈረሰችም። ውኃው ራቀ፥ ነጋዴው ራቀ፥ ጡቡ ፈረሰ፥ ገበሬዎችም የፈረሰውን አፈር ለእርሻቸው ማዳበሪያ እንዲሆን እየጫኑ ወሰዱት። ዛሬ ስፍራው መንሱራ ከሚባለው ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። ቴል ቲማይ ይሉታል፤ በቲማይ ውስጥ ትሙይስ የሚለው ስም አሁንም ይሰማል። ከ2007 ጀምሮ የአሜሪካ ሊቃውንት በዚያ ቈፍረዋል፤ ምድጃዎች፥ የሸክላ ዕቃና የቤት መሠረት አግኝተዋል።

የፊልያስ ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ሄዷል። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን የታወቀው በላቲን የተጻፈው ብቻ ነበር፤ አንዳንዶችም እውነተኛነቱን ይጠራጠሩ ነበር። በ1964 ከግብፅ አሸዋ የወጣ፥ ከሰማዕቱ ሞት በኋላ ብዙ ሳይቆይ በደንገል ወረቀት የተጻፈ የግሪክኛው ቃል ታተመ፤ በ1984ም ሌላ ታተመ። ሁለቱም የተቀደዱና የጎደሉ ናቸው። በ2002 ደግሞ አሌሳንድሮ ባውሲ የተባለ ጣሊያናዊ የግእዝ ሊቅ በእኛው በገድለ ሰማዕታት ውስጥ ያለውን የፊልያስን ገድል አሳተመ። ገድሉ በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ በቀጥታ የተመለሰ መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ፤ ከጥንቱም ቃል ጋራ ይስማማል።

አሸዋው ሳይቈፈር፥ ሊቃውንቱም ሳይከራከሩ፥ በገዳሞቻችን የነበሩ መነኮሳት ብራና ዳምጠው፥ ቀለም በጥብጠው፥ የባለጠጋውን የፊልያስንና የገዥውን የኩልቅያኖስን ክርክር ከትውልድ ወደ ትውልድ ይገለብጡት ነበር። ትሙይስ የት እንዳለች ያየ ከመካከላቸው አልነበረም። በዓሉ በደረሰ ጊዜ ግን አንባቢው በሕዝቡ ፊት ቆሞ፥ የትሙይስ ኤጲስ ቆጶስ ፊልያስ በገዥው ፊት ቀረበ እያለ ያነብብ ነበር።